የፊልም ድምፅ ሰማያዊ የሆነበት ጊዜ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ ስለ ሲኒማ ባወጣችሁት ጽሑፍ የፊልም ድምፅ ከጥንቱ አሠራር በቀጥታ ወደ ዲጂታል እንደተሻገረ አንብቤያለሁ። እዚህ ጎንደር ለረጅም ዓመታት የፊልም ኦፕሬተር ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝና፣ በመካከሉ የተዘለለውን አንድ ለውጥ ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም።

በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ድምፁ የሚታተመው በሥዕሉና በዳር ቀዳዳዎቹ መካከል ባለች ቀጭን መስመር ነው። መስመሯ እንደ ድምፁ ትሰፋለች፣ ትጠባለች፤ በአንድ ወገን አምፖል ያበራባታል፣ በሌላው ወገን ያለው ፎቶ ሴል ደግሞ ያለፈውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። የድሮው አምፖል ከሚሰጠው ብርሃን አብዛኛው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ሲሆን፣ የባለቀለም ፊልም ቀለሞች ይህን ጨረር እንደ መስታወት ያሳልፉታል እንጂ አያግዱትም። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች ከሥዕሉ ላይ የሚያስወግዱት፣ ኢንፍራሬድን ግን የሚያግደው ብር በድምፁ መስመር ላይ ብቻ እንዲቀር፣ መስመሩን ለብቻው ወፍራም ኬሚካል ይቀቡት ነበር፤ ያም ተመልሶ በውኃ ይታጠባል። (ብር ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ገንዘቡ ቢሄድም።)

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮዳክና ዶልቢን የመሳሰሉ ኩባንያዎች በተሳተፉበት ጥረት፣ የድምፁ መስመር ያለ ብር፣ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ይታተም ጀመር። ሰማያዊው ቀለም ቀይ ብርሃንን ስለሚያግድ፣ በአሮጌው አምፖል ምትክ ቀይ ኤልኢዲ ማስገባት አስፈለገ። ቅቡም እጥበቱም ቀረ። ቀዩ መብራት የጥንቱን የብር መስመርም ስለሚያነብ፣ አንድ ጊዜ የቀየረ ሲኒማ ቤት የሚያጣው ነገር አልነበረም፤ ለመሸጋገሪያም በሁለቱም መብራት የሚነበቡ ኮፒዎች ወጥተዋል።

ያልቀየረው ግን ተቸገረ። እሠራበት በነበረው አዳራሽ አንድ ቀን የመጣልን ኮፒ ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ ሹክሹክታ ሆነብኝ፤ ማጉያውን ብከፍተው የባሰ ሽሽታ ጨመረ። ከተማችን በጣሊያን ጊዜ ከተሠራው የፒያሳው ሲኒማ ቤት ጀምሮ ፊልም የለመደች ናትና፣ ተመልካቹ በፉጨት አዳራሹን አናጋው። አምፖሉን ለወጥሁ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ማጉያውንም ረገምሁ። በነጋታው ፊልሙን በመስኮት በኩል ወደ ፀሐይ ብይዘው፣ ጥቁር መሆን የነበረበት መስመር ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ፊልሙን የላከልን ወገን በቆርቆሮው ላይ አንዲት ቃል እንኳ አልጻፈም ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በየመጋዘኑ የተቀመጡ አሮጌ ኮፒዎችን አንሥተው በአሮጌ ፕሮጀክተር የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ፤ ድምፁ ሲደክምባቸው «ተበላሽቷል» ብለው ይጥሉታል ብዬ እሰጋለሁ። ከመጣላቸው በፊት ዳሩን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱት። መስመሩ ሰማያዊ ከሆነ መለወጥ ያለበት መብራቱ ነው። እናንተም በሚቀጥለው እትም ይህችን እርማት ብታወጡልኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የፊልም ኦፕሬተር፣ ጎንደር