ሳር ከማንጠፋችን በፊት ለምን እንቆፍራለን?

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
አትላንታ

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ዋጋ ከጠየቃችሁን ብዙዎቻችሁ “ቁፋሮው ይቅርና ሳሩን ብቻ አንጥፉልን” ብላችሁናል። የገንዘብ ነገር ስለሆነ ቅር አላለንም። ግን ምክንያታችንን እዚሁ ከተማችን፣ ጆርጂያ ቴክ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ባለው የቤዝቦል ሜዳ እናስረዳችሁ።

ሜዳው በ1930 እ.ኤ.አ. የተሠራው በሌላ ስፖርት ገንዘብ ነው። የኮሌጁ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በ1929 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ሮዝ ቦውል በተባለው ታዋቂ ዓመታዊ ጨዋታ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን 8 ለ 7 አሸነፈ። ሮይ ሪግልስ የተባለ የካሊፎርኒያ ተጫዋች ኳስ አንስቶ አቅጣጫ ስቶ ወደ ገዛ ቡድኑ ጎል 60 ሜትር ገደማ ሮጠ፤ አሳዶ የያዘውም የራሱ ጓደኛ ነው። ከዚያ ስህተት ጦስ የመጡት 2 ነጥቦች ጨዋታውን ወሰኑ። በጨዋታው ገቢ ሜዳው ተሠራ፣ ሮዝ ቦውል ፊልድም ተባለ። ቢሸነፉም ገቢው አይቀርም ነበር ይሆናል፤ ተሸንፎ በዚያ ስም ሜዳ የሚሰይም ግን ያለ አይመስለንም።

በ1985 ተሻሽሎ በለጋሹ ስም ራስ ቻንድለር ስታዲየም ሆነ (ማዕረግ አይደለም፣ የሰውየው ስም ነው)። በ2002 ደግሞ ስታዲየሙ እንደ አዲስ ተገንብቶ ተከፈተ።

ሰው የሚያየው መቀመጫውን ነው። እኛ አፈር ላይ የምንውለው ግን የቤዝቦል ሜዳ እድሳት በተነሳ ቁጥር ዓይናችን መሬቱ ላይ ነው። የጆርጂያን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ኳስ ወርዋሪው የሚቆምበት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ እንዲህ ያለ የሚጨብጥ አፈር ይወዳል። ከሳር ሥር ሲገባ ግን ያው አፈር ጠላት ነው፤ ውሃ ይቋጥራል፣ ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ ጥሩ ሜዳ ከሳሩ በታች አሸዋ፣ ከአሸዋው በታች ጠጠርና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አለው። ሳሩና ባዶው አፈር የሚገናኙበት ጠርዝም አለ። በየቀኑ ሲጠረግ የሚገፋው አፈር እዚያ እየተከማቸ በዓመታት እንደ ስኒ ከንፈር ብቅ ይላል። መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ እዚያ ነጥራ የተጫዋች ፊት ትመታለች፤ ዝናብ ሲጥልም ውሃውን ይገድባል። በእድሳት ጊዜ ተልጦ የሚወጣው እሱ ነው።

የብዙዎቻችሁ ጓሮ በመኪና ማቆሚያው ዳር ያለበት ችግር ይኸው ነው። ባለፈው ጸደይ አንዲት ደንበኛችን ስለቸኮሉ ሳንቆፍር አነጠፍን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እምቢ ማለት ነበረብን። ሁለት ሳምንት ዘነበ፤ ሳሩን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለን ስናነሳው ከሥሩ ውሃ አቁሮ ይሸት ነበር። በራሳችን ወጪ ደግመን ሠራነው።

ከእንግዲህ ዋጋ ከመንገራችን በፊት ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ እንሞላበታለን። ውሃው እስከ ማግስቱ ሳይሰርግ ከቆየ ከሥር ቱቦ እንቀብራለን፤ ከሰረገ ግን ቁፋሮውን ከሒሳቡ እናወጣለን። ለሙከራው አናስከፍልም። ቤርሙዳ ሳር ያስነጠፋችሁ ደግሞ በብርዱ ወራት ቡናማ ቢሆንባችሁ አትደንግጡ፤ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች