ስለ ጓንት ሰፊዋ ልጅ

እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽልኝ? እማማስ፣ እግራቸው ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። መጀመሪያ ሥራ ፈትቼ ስለነበር ምን ብዬ ልደውል አልኩ፤ ኋላ ደግሞ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ስትቆጪ ይታየኛል፤ ብቻ መጀመሪያ ይህን ስሚኝ።

ባለፈው ወር ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሴኔካ ፎልስ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። በፈረንጆቹ ጁላይ 1848 ሴቶች ስለ መብታቸው ሁለት ቀን የመከሩባት ናት። ነገሩ የተጠነሰሰው ከአሥር ቀን በፊት፣ አምስት ሴቶች ሻይ ሲጠጡ ነው (እኛ ቡና ላይ ሰው ስናማ!)። ከአምስቱ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተንና ሉክሪሺያ ሞት የተዋወቁት በ1840 ለንደን ላይ፣ ባርነትን የሚቃወም ጉባኤ ሴት መልእክተኞችን አላስቀምጥም ባለ ጊዜ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሰው ሲመጣ የሚሰበሰቡበት ጸሎት ቤት ተቆልፎ ተገኘ። የስታንተንን የእህት ልጅ በመስኮት አስገብተው ነው በሩን ያስከፈቱት። ወደ 300 ሰው ተሰበሰበ። ከቀረቡት የውሳኔ ሐሳቦች ሌላው ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲያልፍ፣ ሴት የመምረጥ መብት ይኑራት የሚለው ግን አከራከረ፤ ሉክሪሺያ ሞት ራሷ መሳቂያ እንዳንሆን ብላ ፈርታ ነበር። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ተነስቶ ደገፈውና በጭንቅ አለፈ። በደላቸውንና ጥያቄያቸውን በዘረዘረው ጽሑፍ ላይ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙ። ጥቁር ሴት ነበረች ወይ ብዬ ፈለግሁ፤ ተገኘ ተብሎ የሚታወቀው ጥቁር ዳግላስ ብቻ ነው። እሱን ሳነብ ደስታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ።

የፈራሚዎቹ ስም ውሃ በሚወርድበት የድንጋይ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። እኔ አንዷ ስም ላይ ቀረሁ፤ ሻርሎት ውድዋርድ። እቤቷ ተቀምጣ ጓንት የምትሰፋ፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ በፈረስ ጋሪ ነው የመጣችው። የፈረሙበት ጽሑፍ ከሚዘረዝራቸው በደሎች አንዱ ሚስት ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ እንኳ የራሷ አለመሆኑ ነው። ይህን ሳነብ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ያ የስኳር ቆርቆሮሽ! ቀሚስ ሰፍተሽ ያገኘሽውን ወንድምሽ እንዳይወስድብሽ ከስኳሩ ሥር ስትደብቂ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅልሽ። አንዴ ብሩ ላይ ስኳሩ ተጣብቆ ባለሱቁ አልቀበልም አለን፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ፀሐይ ላይ አሰጣነው።

የመምረጥ መብቱ በሕገ መንግሥት የገባው በ1920 ነው፤ 72 ዓመት ቆይቶ። ከፈራሚዎቹ በሕይወት የነበረችው ሻርሎት ብቻ ነበረች። እሷም ታማ አልመረጠችም።

ግድግዳው ፊት ቆሜ ነው ልጻፍልሽ ያልኩት። እሁድ ማታ፣ እማማ ከተኙ በኋላ እደውላለሁ። አደራ፣ ተቆጥተሽም ቢሆን አንሺልኝ።

ያንቺው