ስለ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ፍተሻ ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ርዝመታቸው ከ8 ሜትር ያነሰ ፈጣን ጀልባዎች በቴክኒክ እንዲፈተሹ፣ ነጂዎቻቸውም ውሃ ላይ እንዲፈተኑ ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ይህን የምንጽፈው የጀልባ ሞተር የምንጠግንና ጀልባ የምንነዳ ሰዎች ነን። ፈጣን ጀልባ ከነጂው እጅ ሲወጣ ጥፋቱ ለማዕበሉ ወይም ለነጂው ድፍረት ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከመሪው፣ ሞተሩን ከያዙት ብሎኖችና ከሞተሩ አቀማመጥ ነው። እነዚህ ጀልባው እንደታሰረ በጥቂት ደቂቃ የሚታዩ ናቸው።

ሆዱ ሹል የሆነ የፋይበር ጀልባ ቀስ ብሎ ሲሄድ ሆዱ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። ፍጥነት ሲጨምር እየተነሣ ይመጣና በሰዓት 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ላይ ውሃውን የሚነካው ከኋላ ያለ ጠባብ ክፍሉ ብቻ ይሆናል። በዚያ ጠባብ ክፍል ላይ ብቻ ተደግፎ የሚሮጥ ጀልባ ሚዛኑን ለማጣት ትንሽ ነገር ይበቃዋል፦ የላላ መሪ፣ ወደ አንድ ጎን የተቀመጠ ሰው፣ የፕሮፔለሩ የማዞር ኃይል። ወደ ግራና ቀኝ መንገዳገድ ይጀምራል። ነጂው ይህን በመሪ ለማረም ሲሞክር እጁ ከጀልባው እኩል አይደርስም፤ ግራ ሲያዘነብል ያዞረው መሪ ጀልባው ቀኝ ሲያዘነብል ይደርስና መንገዳገዱን ያባብሰዋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ የጎኑ ጠርዝ ውሃውን ይነክሳል፤ ጀልባው በድንገት ይታጠፋል፣ ሰዎቹም ወደ ውጭ ይወረወራሉ።

ትክክለኛው መፍትሔ ለደነገጠ ሰው አይመጣለትም፦ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ነዳጁን በዝግታ ጥቂት መቀነስ፣ ከዚያ ትሪሙን፣ ማለትም የሞተሩን ማዘንበያ፣ በአጭር በአጭሩ ወደ ውስጥ መመለስ። ነዳጁን በአንዴ መዝጋት ሌላ አደጋ ነው። አፍንጫው ይወድቃል፣ ሹሉ ሆድ ውሃውን እንደ ቢላ ይይዘዋል፣ የቀለለው ኋላ ዞሮ ይመጣል። ፊት ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ካለ ከጀልባው ፊት ለፊት ይወድቃል፤ ፕሮፔለሩ ደግሞ ከኋላው እየመጣ ነው። ስለዚህ ፈተናው በወረቀት ብቻ አይሁን። ነጂው ከከፍተኛ ፍጥነት በሥርዓት ሲወርድ፣ ከመታጠፉ በፊት ፍጥነቱንና ትሪሙን ሲቀንስ ፈታኙ አጠገቡ ተቀምጦ ይይ።

የእኛን ሐይቆች የሚለይ አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ ላይ ናቸው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ ወደ 3 በመቶ ስለሚያጣ 115 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ 95 ቢሰጥ ነው። ባለቤቱ ጀልባው ሰነፈበት ብሎ ከሚገባው በላይ ትልቅ ሞተር ቢሰቅል ኃይሉ ይመለሳል፤ የሞተሩ ክብደት ግን ምንም ሳይቀንስ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሞተሩን ከፍ አድርጎ ቢሰቅል ወይም ትሪሙን ወደ ውጭ ቢገፋም ፍጥነት ያገኛል፤ አፍንጫውን ግን ለንፋስ ይሰጣል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየር ጀልባውን የሚያነሣበት ኃይል አራት እጥፍ ነው። የውሃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር ይሞክር የነበረው ዶናልድ ካምቤል በ1967 እ.ኤ.አ. ጥር ወር እንግሊዝ አገር ኮኒስተን ሐይቅ ላይ የሞተው የጀልባው አፍንጫ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲገለበጥበት ነው። የእሱ ፍጥነት በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ቀላል ጀልባ ግን ፊቱ ባዶ ሆኖ፣ ኋላው ከብዶ፣ ንፋስ ከፊት ከመጣበት ከዚያ እጅግ ባነሰ ፍጥነትም ይነሣል። ለከፍታው የሚበጀው ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት፣ አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ በሙሉ ነዳጅና በተለመደው ጭነት አምራቹ በጻፈው የዙር ክልል ውስጥ መግባቱን በቆጣሪ ማየት ይቻላል።

ለፍተሻው የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ አንዱ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው የሞተሩን የታችኛውን ጫፍ ግራና ቀኝ ይገፋል። መሪው ሳይነቃነቅ ሞተሩ ከተነቃነቀ ካቮው፣ ማለትም መሪውን ከሞተሩ የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ፣ ወይም የማያያዣው ብሎን አልቋል፤ ያ ጀልባ ሳይጠገን መውጣት የለበትም። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ ጀልባ አንድ ካቮ አይበቃም፤ ሃይድሮሊክ መሪ ወይም ሁለት ካቮ እንዲኖረው ይደንገግ። ሃይድሮሊኩ አየር ከገባበት መሪው ስፖንጅ እንደ መጫን ስለሚሆን እሱም ይታያል። ቀጥሎ ሞተሩን ወደ ታች ጫን ማለት ነው። የተሰቀለበት የኋላ ግድግዳ ከተለጠጠ በፋይበሩ መካከል ያለው እንጨት በስብሷል። ከወለሉ በታች ያለው ውሃም ይውጣ፤ 100 ሊትር ውሃ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ፣ ሲቀነስ ወደ ፊት የሚሮጥ 100 ኪሎ ጭነት ነው። ጣና ላይ ፕሮፔለሩም ይታይ፦ የተጠመጠመበት እምቦጭ ወይም መረብ አየር እያስገባ ውሃ እንዳይዝ ያደርገዋል፣ መታጠፊያ ላይ ለቅቆ እንደገና ሲይዝ ጀልባውን ይነጥቀዋል።

ከሁሉም አስቀድመን የምንጠይቀው ግን የሞተር ማጥፊያ ገመዱን ነው። አንዱ ጫፉ ከማጥፊያው፣ ሌላው ከነጂው ጭን ወይም ጃኬት ጋር ይታሰራል፤ ነጂው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል። ገመዱ ካልታሰረ በፕሮፔለሩ ኃይል መሪው ወደ አንድ ወገን ይዞርና ባዶው ጀልባ እየከበበ ወደ ወደቀው ሰው ይመለሳል። በደቂቃ 3,200 ጊዜ የሚዞር ባለ 3 ምላጭ ፕሮፔለር አንድን ቦታ በሰከንድ 160 ጊዜ ይመታል። አሜሪካ ከ26 ጫማ፣ ማለትም ከ8 ሜትር ገደማ ላነሱ ጀልባዎች ነጂዎች ማጥፊያው ካለ ገመዱን ማሰርን ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ግዴታ አድርጋለች። እኛም ጋ እንዲሁ ይደንገግ። ገመዱ መንጠልጠሉ ብቻ በቂ አይደለም፤ በየቀኑ ከመነሣት በፊት ሞተሩ በርቶ ይሳብ፣ ሞተሩ ካልጠፋ ጉዞ አይኑር።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22 ሜትር ነው። ነጂው ለሁለት ሰከንድ ወደ ተሳፋሪ ቢዞር 44 ሜትር ሳያይ ሄዷል፤ ከውሃው እምብዛም ከፍ የማትል የደንገል ታንኳ ደግሞ በፀሐይ ነጸብራቅ ውስጥ ቶሎ አትታይም። በመቆሚያዎች፣ በዓሣ አጥማጆች መስመርና ጉማሬ በሚውልባቸው ዳርቻዎች አቅራቢያ ጀልባ በዝግታ ብቻ እንዲሄድ ቦታዎቹ በተንሳፋፊ ምልክት ይከለሉ። ማንም ሰው ፊት ላይ እንዳይቀመጥ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱም ሲወድቁ የሚነፋው ዓይነት ሳይሆን በአረፋ የተሞላውና በማሰሪያ የሚቆለፈው እንዲሆን እንጠይቃለን።

በመጨረሻም ሁለተኛ የማጥፊያ ቁልፍ በጀልባው ውስጥ ይኑር፣ ቦታውም ከመነሣት በፊት ለአንድ ተሳፋሪ ይነገር። ነጂው ከነገመዱ ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ ትርፉን ቁልፍ ማጥፊያው ላይ ሰክቶ፣ ጀልባውን አስነሥቶ ሄዶ ሊያወጣው የሚችለው ያ ተሳፋሪ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀልባ ሞተር ጠጋኞችና ነጂዎች