አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ሰሞኑን ለሱቃችን የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር ገዛንና የአማርኛ መመሪያውን ለሠራተኞቻችን ላስረዳ ቁጭ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሥርዓተ ነጥቡ አናደደኝ። አንዱ ገጽ ላይ «።» ነው፣ ሌላው ላይ ሁለት ጊዜ የተመታ «፡፡» ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያገኝላችሁም፣ ዓረፍተ ነገር የሚለይ ፕሮግራምም የቱ ጋ እንዳለቀ ይጠፋበታል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደልና ምልክት በኮድ የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እኮ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ አራት ነጥብም የራሱን ኮድ ያኔውኑ አግኝቷል!

ርዕሶቹ ደግሞ ይብሳሉ። እንግሊዝኛ ርዕሱን በትልልቅ ፊደል መለየት ይችላል፣ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ታዲያ ርዕሱ ካልደመቀ፣ መጠኑም ካልጨመረ፣ ጭራሽ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ከተደረገበት ከዓረፍተ ነገር በምን ይለያል? አንዷ ሠራተኛችን «ደረሰኙን ይሰርዙ።» የሚለው ርዕስ ቀጣዩ እርምጃ መስሏት የደንበኛ ደረሰኝ ሰረዘች። በእሷ አልፈርድም።

መመሪያ የምታዘጋጁ ልጆች፣ እባካችሁ «።»ን ኪቦርዳችሁ ላይ ፈልጉት፣ ርዕስ መጨረሻ ላይ ግን አታድርጉት።

አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ