ስለ ዶክተር ኤልዛ ቢነንፌልድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ቪየና የሙዚቃ ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ፤ ይሁንና የወንዶቹ ስም በሰፊው ሲነሳ የሙዚቃ ምሁርና ሐያሲዋ የዶክተር ኤልዛ ቢነንፌልድ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠቀሱ ቅር አሰኝቶኛል።

ኤልዛ በ1877 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች የፍልስፍና ፋኩልቲውን በር የከፈተው በ1897 ሲሆን፣ እርሳቸው በ1903 ስለ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዜማዎች ባቀረቡት ጥናት፣ በታዋቂው ምሁር በጊዶ አድለር መሪነት፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከሙዚቃ ደራሲዎቹ ከአርኖልድ ሾንበርግና ከአሌክሳንደር ዜምሊንስኪ ጎን ቆመው የሙዚቃ ታሪክ አስተምረዋል (ጽሑፋችሁ ሾንበርግን ሲያወሳ ይህን ማለፉ ይገርማል)። ከዚያም ሴት ሐያሲ ብርቅ በነበረበት ዘመን በኖየስ ቪነር ዡርናል ጋዜጣ ላይ ለብዙ ዓመታት የሙዚቃ ሒስ ጽፈዋል።

በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል፣ እንደ ሌሎቹ የቪየና አይሁድ ሁሉ የእርሳቸውም መብት ተገፈፈ። በግንቦት 1942 በባቡር ተጭነው በዛሬዋ ቤላሩስ ሚንስክ አጠገብ ወዳለው የናዚዎች የግድያ ስፍራ ማሊ ትሮስቴኔትስ ተወሰዱና በ64 ዓመታቸው እዚያው ተገደሉ። መምህራቸው አድለር፣ እርሱም አይሁዳዊ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ቪየና ውስጥ አርፎ ነበር።

በሚቀጥለው እትማችሁ አጭር የሕይወት ታሪካቸውን እንድታወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ