ቀልዱን የገደለው ዘፋኙ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አማተር ቡድን አንድ የቆየ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ባሳየ ቁጥር ወቀሳው ዘፋኞቹ ላይ ይወርዳል፤ «ድምፃቸው አይሰማም፣ ቀልዱም አያስቅም» ይባላል። ከመድረክ ጀርባ ሲታይ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

የዘፈኑ ቀልድ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ቤት መምቻው ላይ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ትራምፔት ወይም የድራሙ ሲምባል ከሸፈናት አለቀላት። የዘፋኙን ማይክ እንጨምር ቢባል፣ ማይኩ ከድምፅ ማጉያው የወጣውን መልሶ ስለሚይዝ ያፏጫል። ስለዚህ ዝቅ ማለት ያለበት ባንዱ ነው፦ ድራመሩ በዱላ ፈንታ በብሩሽ ይምታ፣ ትራምፔቱ አፉ ላይ ማፈኛ ይግባለት፤ ድምፅ ማጉያዎቹም ከተዋንያኑ ወደፊት ወጥተው ወደ ታዳሚው ይዙሩ።

ደረት ላይ የተሰካ ማይክ ተዋናዩ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ድምፁን ያጣዋል፤ የልብሱን መንኮሻኮሽም ይሰበስባል። ግንባር ላይ፣ ፀጉር መነሻው ጋ በሕክምና ፕላስተር ቢለጠፍ ይሻላል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን፣ የማይኩን ድምፅ ያለ ሽቦ የሚልከውን ማስተላለፊያ ላብ እንዳያበላሸው ቅባት በሌለው ኮንዶም መሸፈን የተለመደ ነው (ግዢው ራሱ አንድ ኮሜዲ ይወጣዋል)። ባትሪ በየትርኢቱ አዲስ ይግባ።

ፍቅረኞቹ ሲተቃቀፉ ደግሞ ሁለቱ ማይኮች አንዱን ድምፅ በጥቂት የጊዜ ልዩነት ስለሚይዙት ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ላይ ያለው ሰው ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ የአንዱን ይዝጋ፣ ሲላቀቁ ይክፈት። በዋዜማው የተጠራ ባለሙያ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሳቁም ልምምድ ይፈልጋል። ለሳምንታት በባዶ አዳራሽ የተለማመደ ተዋናይ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሳቁን ረግጦ ያልፈዋል፤ ቀጣዩ ቀልድም ጫጫታ ውስጥ ይሰምጣል። ተውኔቱን አይተው የማያውቁ 10 ሰዎች የመጨረሻዎቹ 3 ልምምዶች ላይ ይቀመጡ። ቃሉ የሚገባው ሳቁ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ፍጹም ጸጥታ የሚጠብቅ ግለቱን ያጣዋል። እስከዚያ ግን ሐውልት አይሁን፤ ኮቱን ሲቆልፍ ከነበረ መቆለፉን ይቀጥል።

ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ተዋናዩን እየጠበቁ እንዲደጋገሙ የሚጻፉ 2 ወይም 4 የሙዚቃ ምት ክፍሎች («ባር» የሚባሉት) አሉ። የባንዱ መሪ «4 ጊዜ ደግመን እንገባለን» ብሎ ከተስማማ፣ ሳቁ የረዘመ ዕለት ዜማው ዘፋኙን ጥሎት ይሄዳል። የመሪው ዓይን ኖታው ላይ ሳይሆን ተዋናዩ ላይ ይሁን፤ ከድግግሞሹ መውጫ ምልክቱም ቁጥር ሳይሆን የተዋናዩ ቃል ይሁን።

ለሐያሲዎቻችሁ አንድ ልመና አለን፦ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ድምፅ አትፍረዱ። እዚያ ባንዱ በቀጥታ ይመጣባችኋል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከጎንና ከጎን ከቆሙት ማጉያዎች ወጥቶ በላያችሁ ያልፋል። ከአዳራሹ መሃል ትንሽ ወደ ኋላ ብትሆኑ ቤት መምቻውን ትሰሙታላችሁ።

በአማተር ትያትር የድምፅና የመድረክ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ