አዳራሹ ሞልቷል፣ ሥራውስ?

ውድ አዘጋጅ፣

የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ግንቦትና ሰኔ ላይ እዚህ ከተማ የሆቴል አዳራሽ ቶሎ አይገኝም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መሥሪያ ቤቶች ያልተጠቀሙበት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ስልጠናው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ለሆቴሎቻችን ጥሩ ገበያ ነው፤ እሱን አልጠላም። ባለጉዳዩ ግን "ባለሙያዋ ስልጠና ላይ ናት፣ ሰኞ ተመለስ" ይባላል። ሰኞ ሲመለስ የተሻለ አገልግሎት ቢያገኝ ምንም አልነበረም።

የምሠራው በአንድ የልማት ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ነው። የሰልጣኞች ስም ዝርዝር በእጄ ያልፋል። ውሎ አበል ካለው ዝርዝሩ ከላይ ይሞላል። ኃላፊው ይሄዳል፣ ምክትሉ ይሄዳል፣ "ባለፈው አልደረሰኝም" ያለውም ይሄዳል። ስለ ንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ስልጠና ሲመጣ፣ በየቀኑ የምትመዘግበው የመጋዘን ሠራተኛ ትቀራለች። ሶፍትዌሩን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሰርተፊኬት ይዞ ይመለሳል።

ግምገማውም ያው ነው። በመጨረሻው ቀን ፎርም ይታደላል፦ አሰልጣኙ እንዴት ነበር? አዳራሹ ተመቻችሁ? (ሻይ ቡናው ጥሩ ከነበረ ነጥቡም ጥሩ ነው።) አሜሪካዊው የስልጠና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ስልጠና በአራት ደረጃ እንዲለካ ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ሰልጣኙ ወደደው? ተማረ? ሥራው ላይ ተጠቀመበት? ድርጅቱስ ምን አገኘ? ከ60 ዓመት በላይ አልፎም እኛ ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነን።

ሥራ ላይ የሚሰጠውን ትምህርት ደግሞ ከስልጠና አንቆጥረውም። ማምረቻ ክፍላችን ውስጥ አንድ ነባር መካኒክ አለ። አዲስ ኦፕሬተር ሲቀጠር ማሽኑ አጠገብ ያቆመውና ቤሪንግ የሚባለው የማሽኑ ክፍል ሊያልቅ ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ያሰማዋል። እሱ ያስተማራቸው ልጆች ማሽኑ ሳይሰበር በፊት ይጠሩታል። የእነሱ ፈረቃ ብዙም አይቆምም። ለዚህ አበል የለውም፣ ሰዓትም አልተያዘለትም። እንዲያውም "ሥራ ታስፈታለህ" ተብሎ ሲወቀስ ሰምቻለሁ። ጡረታው እየደረሰ ነው፤ እስካሁን ማንም አጠገቡ ተተኪ አልመደበም።

"ብናሰለጥነው ጥሎን ይሄዳል" የሚሉ አሠሪዎች አሉ። ደመወዙ ካልበቃው ሳይሰለጥንም ይሄዳል።

ኃላፊዎቻችን ቢያንስ ሁለት ነገር ያድርጉ። ለስልጠና ከሚላከው ሰው ስም ጎን ስልጠናው የሚገባበት የዕለት ሥራው ይጻፍ። ከተመለሰ ከወር በኋላ ደግሞ የቅርብ አለቃው "ምኑን ጀመርከው?" ብሎ ይጠይቀው። አለቃው ያልፈለገውን አሠራር ሰልጣኙ ብቻውን አይለውጥም፤ "እዚህ እንደዚያ አይሠራም" ይባልና በሳምንቱ ይተወዋል። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ሲመጣም ለአዳራሽ ከሚያዘው ገንዘብ ትንሽ ይቀነስና እንደ መካኒኩ ላሉ ሰዎች የማስተማሪያ ሰዓትና ክፍያ ይያዝላቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ